አይጥና ዳክዬ በሥዕል አዳራሽ፤ የታወቁ የካርቱን ፊቶችን ስለ መተርጐም



ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ትምህርት እየተሰጠ ሳለ በደብተሩ ላይ ሥዕል ሲሥል አገኘነው። የሣለውም ሕፃናት ሁሉ የሚያውቁትን፣ ሚኪ ማውስ የተባለውን ባለ ትልልቅ ጆሮ አይጥ ነበር። ነገር ግን በየመዋዕለ ሕፃናቱ ግድግዳ ላይ ሲሥቅ የምናየው ያ አይጥ በዚህ ደብተር ላይ አይሥቅም፤ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጓንት ባጠለቁ በሁለቱ እጆቹ ፊቱን ሸፍኖ ነበር። እኛም ልጁ ትምህርቱን ንቆ የሚቀልድ መስሎን፣ አንዳች ሳንጠይቅ ገጹን ቀድደን በጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ ከተትነው። ልጁ አላለቀሰም፤ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

በሳምንቱ የልጁ እናት ወደ ትምህርት ቤት መጡ። ልጃቸው ለምን ዝምተኛ እንደ ሆነ ሲያስረዱን፣ ከሁለት ወር በፊት ታናሽ እኅቱ ታምማ ማረፏን፣ ሕፃኒቱ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ትይዘው የነበረው ቦርሳ የዚያ አይጥ ሥዕል ያለበት መሆኑን፣ ቦርሳውም እስከዚያች ቀን ድረስ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደሚገኝ ነገሩን። ለካ ልጁ ሲቀልድ አልነበረም። እኅቱ ትወደው የነበረውን፣ ሁልጊዜ የሚሥቀውን ፊት፣ ከእርሱ ጋራ እንዲያዝን አድርጎት ኖሯል።

እኛ በልጅነታችን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ቅኔ ስንቈጥር፣ ሰሙን ከወርቁ መለየት ተምረናል። እንዲህም ሆነን ሳለ በአንድ ሕፃን ደብተር ላይ የነበረውን ወርቅ ሳናየው ቀደድነው። ይህ ስሕተታችን ስለ ሆነ ነው ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ የምንጽፈው። ከዚያ ቀን ወዲህ የታወቁ የካርቱን ፊቶችን እየለወጡ የሚሥሉ የውጭ አገር ሠዓልያንን ሥራ በመጻሕፍት ስንመረምር ቈይተናል። በየቤቱ ያሉ ወላጆችም በልጆቻቸው ቦርሳ፣ ልብስና ደብተር ላይ እነዚህን ፊቶች በየቀኑ ስለሚያዩአቸው፣ ያገኘነውን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፖፕ አርት ምንድን ነው?

«ፖፕ» የሚለው ቃል «ፖፑላር» ከተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ ሲሆን፣ ብዙ ሕዝብ የሚያውቀውና የሚወደው ማለት ነው። እንግዲህ ፖፕ አርት ስንል፣ ሕዝብ በየዕለቱ ከሚያያቸው ነገሮች፣ ይኸውም ከጋዜጣ፣ ከማስታወቂያ፣ ከቆርቆሮ ምግብ፣ ከፊልምና ከልጆች የካርቱን መጽሐፍ እየቀዳ የሚሠራ የሥዕል ዓይነት ማለታችን ነው።

ጅማሬው በእንግሊዝ አገር ነው። ኤድዋርዶ ፓኦሎዚ የተባለ ሠዓሊ በ1940ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ መጽሔቶች የቈረጣቸውን ሥዕሎች በአንድ ወረቀት ላይ እያጣበቀ ይሠራ ነበር፤ በ1948 ከሠራቸው በአንደኛው ላይ የሚኪ ማውስ ጓደኛ የሆነችው ሚኒ ማውስ ትገኛለች። በ1956 ደግሞ ሪቻርድ ሃሚልተን በለንደን ለሕዝብ ባሳየው የታወቀ ሥራው፣ በአንድ ዘመናዊ ሳሎን ግድግዳ ላይ የካርቱን መጽሐፍ ሽፋን እንደ ክቡር ሥዕል በፍሬም አድርጎ ሰቅሎታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ነገሩ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረና በ1961 እና በ1962 ዓለምን ያነጋገረ ሆነ።

በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ ይከበር የነበረው፣ የሰውም ሆነ የዕቃ መልክ የማይታይበት፣ ቀለሙ እንደ ሠዓሊው ስሜት የሚረጭበት የሥዕል ዓይነት ነበር። በዚያ መካከል አንድ ወጣት ሠዓሊ ተነሥቶ አይጥና ዳክዬ ሥሎ ሲያቀርብ ብዙ አዋቂዎች መቈጣታቸው አያስደንቅም።

ነገር ግን ሠዓልያኑ ለምን የታወቀ ፊት መረጡ? ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ዘንዶ የሚወጋውን ስናይ፣ ጽሑፉን ሳናነብ ቅዱስ ጊዮርጊስ መሆኑን እናውቃለን። ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ደግሞ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ በጎን እንደሚሣሉም እናውቃለን። ፊቱና ምልክቱ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ፣ አንዲት ነገር ብትለወጥ ወዲያው እናስተውላለን። ፈረሱ ቢቀር «ፈረሱ የት ሄደ?» ብለን እንጠይቃለን። የማናውቀው ሰው ቢለወጥ ግን መለወጡን አናውቅም። የካርቱን ፊት ለፖፕ አርት ሠዓልያን የጠቀማቸው ስለዚህ ነው። ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ፊት ጥቂት ቢያጣምሙት፣ ተመልካቹ መጣመሙን አይቶ ምክንያቱን ይጠይቃል። ትርጓሜም የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ዳክዬው ያጠመደው «ትልቅ ዓሣ»

ከሁሉ በፊት ልንመለከተው የሚገባን ሮይ ሊክተንስታይን በ1961 የሣለውን «ሉክ ሚኪ»፣ ማለት «ሚኪ፣ ተመልከት» የተባለውን ሥዕል ነው። ሊክተንስታይን በ1923 በኒው ዮርክ ተወልዶ በ1997 ያረፈ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በወታደርነት ያገለገለ፣ በኋላም በዩኒቨርሲቲ የሥዕል መምህር የነበረ ሰው ነው። ሥዕሉ ቁመቱ 1 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ዛሬ በዋሽንግተን ከተማ በብሔራዊው የሥዕል ሙዚየም ይገኛል።

በሥዕሉ ላይ ዶናልድ ዳክ የተባለው ዳክዬ ከውኃ ዳር ባለ የእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ፣ የዓሣ ማጥመጃውን ዘንግ ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ወደ ውኃው ያያል። አንድ ትልቅ ዓሣ እንደ ያዘም ለሚኪ በደስታ ይነግረዋል። መንጠቆው ግን የተሰካው በገዛ ኮቱ ጫፍ ላይ ነው። ሚኪ ይህን ስላየ ሣቁ እንዳያመልጠው አፉን በጓንታም እጁ ይዟል።

ይህ ሥዕል ከሠዓሊው ልብ የፈለቀ አይደለም፤ በ1960 ከታተመ የሕፃናት መጽሐፍ የተቀዳ ነው። ሊክተንስታይን ግን እንዳለ አልገለበጠውም። ከበስተኋላ የነበሩትን አላስፈላጊ ነገሮች አስወገደ፤ የመድረኩን አቅጣጫ አዞረ፤ ቀለማቱንም ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ነጭ ብቻ እስኪመስሉ ድረስ ቀነሳቸው። በዳክዬው ዓይንና በአይጡ ፊት ላይ ደግሞ በርካሽ የማተሚያ መኪና የታተመ ሥዕል በቅርብ ሲታይ የሚኖረውን ነጠብጣብ አደረገበት። ነጠብጣቡን ያደረገው በመኪና ሳይሆን፣ የውሻ ጠጕር ማበጠሪያ ብሩሽ በቀለም እየነከረ በገዛ እጁ ነው።

እንግዲህ በትርጓሜ ቤት ልማድ አንድም፣ አንድም እያልን እንየው። ሰሙ የልጆች ቀልድ ነው፤ ሞኝ ዳክዬ ራሱን አጠመደ። ወርቁ ግን ይህ ነው፦ ሌላውን ያዝሁ ብሎ የሚፎክር ሰው፣ የያዘው ራሱን ነው። አንድም፤ ዳክዬው አጐንብሶ ወደ ውኃ ሲመለከት ያዩ አንዳንድ ሊቃውንት፣ በውኃ ውስጥ የገዛ መልኩን አይቶ በራሱ ፍቅር ከጠፋው በግሪኮች ተረት ከሚነገረው ናርሲስ ጋራ አመሳስለውታል። አንድም፤ ዳክዬው ሠዓሊው ራሱ ነው፤ ታላቅ ነገር ለማግኘት ወደ ጥልቁ መንጠቆ ጥሎ፣ ከጀርባው የተንጠለጠለውን የልጆች መጽሐፍ አወጣ፤ አፉን ይዞ የሚሥቀውም ተመልካቹ ሕዝብ ነው። አንድም፤ ነጠብጣቡ ይመሰክራል፤ የምታየው ዳክዬ ሳይሆን የታተመ ዳክዬ ነው፤ የምትወደው ፊት ወደ አንተ የመጣው በማተሚያ መኪና በኩል ነው ይለናል።

ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጦ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። ትርጓሜ ሁሉ ግን በሥዕሉ ላይ ከሚታየው ነገር መነሣት አለበት። መንጠቆው በኮቱ ላይ ባይሆን ኖሮ፣ ስለ ራስ መጠመድ የተናገርነው ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር።

ሊክተንስታይን በ1962 ሥራውን በኒው ዮርክ አዳራሽ ሲያሳይ ከምስጋናው ጋራ ስድቡም ብዙ ነበር። በ1964 አንድ እውቅ የአሜሪካ መጽሔት፣ ይህ ሰው በአገሪቱ ካሉት ሠዓልያን ሁሉ የመጨረሻው ነውን? የሚል ጥያቄ በርእስነት አውጥቶበታል።

ከሥዕለ ቅዱሳን ፊት ያደገው ሠዓሊ

አንዲ ዋርሆል የተወለደው በ1928 ነው። ሚኪ ማውስ ድምፅ ባለው ፊልም ለሕዝብ የታየውም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ነበር። የዋርሆል ወላጆች ዛሬ ስሎቫኪያ ከተባለው አገር ተራሮች ተሰደው በፒትስበርግ ከተማ፣ በብረታ ብረት ፋብሪካዎች አካባቢ የኖሩ ድኾች ነበሩ። ቤተሰቡ ይሳለምበት የነበረው በቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ምእመናኑ ከሮም ጋራ አንድነት ያላቸው ነገር ግን በምሥራቃውያን ሥርዐት የሚቀድሱ ናቸው። በዚያም መቅደሱን ከሕዝቡ በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ወርቃማ መደብ ያላቸው ሥዕለ ቅዱሳን በተርታ ይታያሉ። ሕፃኑ በየእሑዱ እነርሱን እያየ አደገ። ታምሞ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ ደግሞ እናቱ የካርቱን መጻሕፍትና ቀለም የሚቀቡባቸውን ደብተሮች ትሰጠው ነበር። እንግዲህ በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ ቅዱሳንና ካርቱኖች ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ዋርሆል በ1961 ሱፐርማንንና ፖፓይን የመሳሰሉ የካርቱን ፊቶች ሥሎ በኒው ዮርክ በሚገኝ ትልቅ የልብስ መደብር መስኮት፣ ከሴቶች ቀሚስ በስተኋላ አሳየ። ወዲያው ግን ሊክተንስታይን በዚያው መንገድ እንደ ቀደመው አይቶ ካርቱኑን ተወና በ1962 የሾርባ ቆርቆሮዎችን 32 አድርጎ ሣለ። በዚያው ዓመት የሞተችውን የፊልም ተዋናይት ማሪሊን ሞንሮንም በሰፊ ወርቃማ መደብ መካከል አኖራት። የልጅነት ቤተ ክርስቲያኑን ያወቀ ሰው፣ ያ ወርቅ ከየት እንደ መጣ ለመገመት አይቸገርም።

ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ ወደ ካርቱን ተመለሰ። «ሚትስ»፣ ማለት ተረቶች ብሎ በሰየማቸው 10 የታተሙ ሥዕሎች ውስጥ ሚኪ ማውስ፣ ሱፐርማን፣ ድራኩላ፣ ጠንቋይቱ፣ የአሜሪካ ምሳሌ የሆነው አንክል ሳም፣ የገና አባት እና ሌሎችም አሉ። በመጨረሻም ራሱን ዋርሆልን፣ ጥላው በጎኑ ወድቆ እናየዋለን። በሥዕሎቹ ላይ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ተነስንሶባቸዋል።

በዚህ ላይ ክርስቲያን አንባቢ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። የገና አባት የተባለው ሽማግሌ መነሻው የሜራ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። ለድኾች በስውር ይመጸውት የነበረው አባት፣ በብዙ ዘመን ውስጥ ተለውጦ ቀይ ልብስ ለብሶ ዕቃ የሚያሻሽጥ የማስታወቂያ ሰው ሆነ። በጎኑ የተቀመጠው አይጥ ደግሞ ከፊልም ተነሥቶ፣ የሚያብረቀርቅ ብርሃን ለብሶ፣ እንደ ቅዱስ በመደብ ላይ ተሣለ። አንዱ ከመቅደስ ወደ ሱቅ ወረደ፤ ሌላው ከሱቅ ወደ መቅደስ መሰል ስፍራ ወጣ። ዋርሆል ይህን እያመሰገነ ነው ወይስ እየነቀፈ? ሥዕሉ አይናገርም። አንድም፤ አሜሪካ የምታከብራቸውን ፊቶች እንደ መስተዋት አሳየ እንላለን። አንድም፤ ራሱንም ከእነርሱ መካከል ስላስቀመጠ፣ ከነቀፋው ራሱን አላወጣም እንላለን።

በሥዕለ ቅዱሳንና በዚህ ዓይነቱ ሥዕል መካከል ያለውን ልዩነትም ማስተዋል ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ አንዱን መልክ ደጋግሞ የሚሥለው፣ ከአበው የተቀበለውን ላለማፋለስና የተመልካቹን ልብ ወደ ባለ ሥዕሉ ለማድረስ ነው። በማተሚያ የሚደጋገመው ፊት ግን ከጀርባው ማንም የለም። የሚኪ ሥዕል ወደ ሚኪ አያደርስም፤ ሚኪ የለምና። ስለዚህ ልብን የሚያደርሰው ወደ ገዢው ፍላጎት ወይም ወደ ሻጩ ሣጥን ነው።

ገንዘብ፣ ጦርነትና ኀዘን

ከዋርሆል በኋላ የመጡት ሠዓልያን ይህን ነገር ይበልጥ ገለጡት። ኪት ሄሪንግ የተባለው ወጣት አሜሪካዊ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋራ ካርቱን እየሣለ ያደገ ነው። በ1986 «አንዲ ማውስ» የተባሉ አራት ሥዕሎችን አሳተመ። በእነዚህም ላይ የሚኪን ጆሮና ሰውነት ከአንዲ ዋርሆል መነጽርና ጠጕር ጋራ አዋሕዶ፣ በዶላር ምልክት ከበበው። ወዳጁና አርአያው የነበረው ዋርሆልም ከእርሱ ጋራ ፈርሞባቸዋል። ሰሙ የወዳጅነት ቀልድ ነው። ወርቁ ግን፣ ሠዓሊው ራሱ የገበያ ምልክት እንደ ሆነ፣ ሰውና የንግድ ዕቃ እንደ ተቀላቀሉ የሚናገር ነው። ዋርሆል በ1987 ሞተ፤ ሄሪንግም በኤድስ በሽታ ታምሞ በ1990፣ ገና በ31 ዓመቱ አረፈ።

በጃፓን ደግሞ በ1962 የተወለደው ታካሺ ሙራካሚ አለ። የጃፓንን ጥንታዊ የሥዕል ሥርዐት በከፍተኛ ትምህርት ቤት ያጠና ሰው ነው። በ1993 «ሚስተር ዶብ» የተባለ ፍጥረት ፈጠረ። ይህ ፍጥረት እንደ ሚኪ ሁለት ክብ ጆሮዎች ያሉት ሲሆን በአንደኛው ጆሮው «ዲ»፣ በሁለተኛው «ቢ» የተባሉ ፊደሎች አሉ፤ ክቡ ፊቱም «ኦ» ሆኖ ስሙን ያስነብባል። በመጀመሪያ ሕፃን የሚያቅፈው ዓይነት መልክ ነበረው። እየቈየ ግን ሙራካሚ ጥርሱን አሾለው፣ ዓይኖቹን አበዛቸው፤ በ2002 በሣለው ትልቅ ሥዕል ላይም ሲያስታውክ አሳየው።

ሙራካሚ በ2005 በኒው ዮርክ ባዘጋጀው ትርኢት ይህን ነገር በግልጽ አስረዳ። የትርኢቱ ስም «ሊትል ቦይ»፣ ማለት ትንሹ ልጅ የሚል ነበር። ይህም በነሐሴ 6 ቀን 1945 በሂሮሺማ ላይ የተጣለው የአቶሚክ ቦምብ ስም ነው። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን በሚያምሩ አሻንጉሊቶችና ካርቱኖች መሞላቷ፣ ከዚያ ሽንፈትና ድንጋጤ ጋራ የተያያዘ ነው የሚል ሐሳብ ነው ያቀረበው። ይህ ሁሉንም ሊያስማማ አይችል ይሆናል። ነገር ግን ፈገግ ያለ ፊት ከበስተኋላው ትልቅ ቍስል ሊሸፍን እንደሚችል ማወቁ ለወላጅም ለመምህርም ይጠቅማል።

ወደ እኛ ታሪክ ይበልጥ የሚቀርበው ግን «ኮውስ» በሚል የጥበብ ስም የሚታወቀው፣ በ1974 የተወለደው አሜሪካዊ ብራየን ዶነሊ ነው። በ1999 በጃፓን «ኮምፓንየን»፣ ማለት ባልንጀራ የተባለ አሻንጉሊት አወጣ። ሰውነቱ፣ ሱሪው፣ ጓንቱና ጫማው የሚኪ ነው፤ ራሱ ግን የራስ ቅል ሲሆን፣ በዓይኖቹ ቦታ የመሰረዣ ምልክት አለ። በኋላም ይህን ባልንጀራ ትልቅ ሐውልት አድርጎ በየአገሩ አደባባይ አቆመው። ከእነዚህ በአንደኛው ሐውልት ላይ ባልንጀራው ተቀምጦ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኗል።

ይህን ሥዕል በመጽሐፍ ላይ ባየን ጊዜ ደነገጥን፤ የተማሪያችን ሥዕል ነበርና። ልጁ ይህን ሐውልት አይቶት ይሆን፣ ወይስ ከራሱ ኀዘን አውጥቶት ይሆን፣ አልጠየቅነውም። ሁለቱ ግን አንድ ነገር አስተውለዋል፦ ሁልጊዜ እንዲሥቅ የተፈረደበት ፊት ሲያዝን፣ ሐዘኑ ከሌላው ሁሉ ኀዘን ይከብዳል። ሕፃን ያቀፈው ባልንጀራ እንኳ ካለቀሰ፣ ሳይነካ የቀረ ሰው የለም ማለት ነው።

ነገር ግን በዚህም ገበያው አልራቀም። የዚሁ ሠዓሊ ሥራ የሆነ፣ በ2005 የተሣለ፣ ሲምፕሰንስ የተባለውን የቴሌቪዥን ካርቱን ቤተሰብ ዓይን እየሰረዘ የሚያሳይ ሥዕል በሚያዝያ ወር 2019 በሆንግ ኮንግ በጨረታ ወደ 14.8 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሸጧል። ስለ ገበያ ባርነት የሚናገር ሥዕል ራሱ ከገበያው ሁሉ ውድ ዕቃ ሲሆን፣ ዳክዬው በገዛ ኮቱ መጠመዱን ያስታውሰናል።

የመጀመሪያው ሠዓሊ ድካም

ስለዚህ የሥዕል ዓይነት ሲነገር ሊታለፍ የማይገባ የፍትሕ ጉዳይ አለ። ሊክተንስታይን የቀዳው የ1960 የሕፃናት መጽሐፍ ሥዕሎች የቦብ ግራንትና የቦብ ቶተን የእጅ ሥራ ነበሩ። በ1963 የሣለው፣ ዛሬ በለንደን በቴት ሙዚየም ያለው «ዋም» የተባለው የጦር አውሮፕላን ሥዕልም ኧርቭ ኖቪክ የተባለ የካርቱን ሠዓሊ ለአንድ የ1962 መጽሔት ከሣለው የተወሰደ ነው። የሊክተንስታይን ስም በዓለም ሲታወቅ፣ እነዚህን ሰዎች ከባለሙያዎች በቀር የሚያውቃቸው አልነበረም። ሚኪንም ቢሆን ዋልት ዲዝኒ ፈጠረው ይባላል እንጂ፣ በመጀመሪያ በእጁ የሣለው ኧብ አይወርክስ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ለሊክተንስታይን የሚከራከሩ ሰዎች፣ መጠኑን፣ ቀለሙንና አቀማመጡን ለውጦ አዲስ ነገር አድርጎታል ይላሉ፤ ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ያየ ሰውም ይህ እውነት መሆኑን አይክድም። የካርቱን ሠዓልያን ደግሞ፣ እኛ በጥቂት ደመወዝ የደከምንበትን ሌላው ከበረበት ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። የእኛ የጥንት ሠዓልያን ብዙዎቹ ስማቸውን አልጻፉም። ነገር ግን በፈቃድ ስምን መተውና ስምን በሌላ መነጠቅ አንድ አይደሉም። ስለዚህ በየቤታችን ለልጆቻችን እንዲህ ያለውን ሥዕል ስናሳይ፣ ሁለተኛውን ሠዓሊ ስናደንቅ የመጀመሪያውንም ስም ብንነግራቸው፣ የሰው ድካም እንዳይናቅ እናስተምራቸዋለን።

ሕጉም በበኩሉ እየተለወጠ ነው። በ1928 በወጣው ፊልም ላይ ያለው የመጀመሪያው የሚኪ መልክ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአሜሪካ አገር ማንም ያለ ፈቃድ ሊሠራበት የሚችል ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት መልኮቹ ግን በዚያን ጊዜ ገና በባለቤታቸው እጅ ነበሩ። እንግዲህ ይህን ፊት እየለወጡ የሚሥሉ ሰዎች ከቀድሞው ይልቅ ሊበዙ ይችላሉ።

በቤታችን እንዴት እናንብበው?

የውጭ አገር ካርቱን ወደ ሌላ ሕዝብ ቤት ሲገባ ሊመረመር እንደሚገባ አስቀድመው ያሰቡ አሉ። በቺሌ አገር አሪየል ዶርፍማንና አርማን ማትላር የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎች በ1971 ዶናልድ ዳክን እንዴት እንደሚያነቡት የሚያስተምር መጽሐፍ አውጥተው፣ በዳክዬው ታሪክ ውስጥ የሀብታም አገሮች በድኾች አገሮች ላይ ያላቸው አመለካከት ተሰውሮ ይገኛል ሲሉ ጽፈዋል። በ1973 የጦር መኰንኖች ሥልጣን ሲይዙ መጽሐፉ እንዲቃጠል ተደረገ። የጸሐፊዎቹን ፖለቲካ ብንቀበልም ባንቀበልም፣ ስለ አንድ ዳክዬ የተጻፈ መጽሐፍ እስኪቃጠል ድረስ ማስፈራቱ፣ የልጆች ሥዕል ተራ ነገር እንዳልሆነ ያሳያል።

እንግዲህ ልጃችን ሥዕሉ የተለወጠ የካርቱን ፊት ይዞ ሲመጣ፣ ወይም ራሱ ሲሥል ብናገኘው፣ እነዚህን ነገሮች አብረነው ብንጠይቅ መልካም ነው። መጀመሪያ፤ ይህ ፊት ቀድሞ ማን ነበር? ምንስ ያደርግ ነበር? ሁለተኛ፤ ምን ተለወጠበት? ዓይኑ፣ አፉ፣ እጁ ነውን? ብዙውን ጊዜ ምሥጢሩ ያለው በእነዚህ በሦስቱ ነው። ሦስተኛ፤ ከምን ጋራ ተቀመጠ? ወርቅ ከበበው፣ ገንዘብ ከበበው፣ ወይስ ብቻውን ነው? አራተኛ፤ ከዚህ ሥዕል የሚጠቀም ማን ነው? አምስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ የሣለው ሰው ምን ሆኖ ነው?

ይህን ስንል ግን እያንዳንዱ የተሰረዘ ዓይን ጥልቅ ምሥጢር አለው ማለታችን አይደለም። ሰም ብቻ ሆኖ ወርቅ የሌለው ነገር ብዙ ነው። አንዳንዱ ሸሚዝ የሚሸጠው የራስ ቅል ያለበት ሥዕል ስለ ተወደደ ብቻ ነው፤ ከዚያ ትርጓሜ እንፈልቅቅ ብንል ራሳችንን እናታልላለን። ልጅ የሚለብሰውን መርጦ ማልበስም የወላጅ ድርሻ ነው። ብቻ ከመከልከል በፊት መጠየቅ፣ ከመቅደድ በፊት ማየት ይቅደም።

እኛ ይህን የተማርነው ዘግይተን ነው። ቀድደን በመሳቢያ ያኖርነውን ገጽ አውጥተን፣ ከበስተኋላው በወረቀት ደግፈን አጣበቅነው። ልጁንም ከክፍል ውጭ ጠርተን ይቅርታ ጠየቅነው፤ ሥዕሉንም መለስንለት። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቶ ስለማያውቅ ይመስለናል፣ በመጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን እያሳየ የእኅቱን ስም ነገረን። እናቱ በኋላ እንደ ነገሩን፣ ያ ገጽ ዛሬ ከሕፃኒቱ ቦርሳ ጎን በግድግዳቸው ላይ ይገኛል። የተቀደደበት ቦታ አሁንም ይታያል።